አንባቢዋ ማሽን፣ መጪው እሑድ እና የእትዬ ዘርፉ ምሳ ዕቃ

ግንቦት 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አብተው
የማባዣ መሣሪያዎች ምዝገባና ዕውቅና ክፍል ኃላፊ
ናዝሬት

አንድ ነገር በዓይን እየታየ፣ በእጅ እየተዳሰሰ "የለም" የሚባለው እንዴት ነው? በዚህ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ይህን የሚያነብ የከተማችን ሰው ሁሉ፣ ስኳር ፈልጎም ይሁን ዘመድ ፈልጎ፣ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ሳይጠይቅ አልቀረም።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ግን፣ ጓድ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የዘንድሮው አቧራ ደረትዎን አላስቸገረዎትም? የማኅተምዎ ቀለምስ አልደረቀም? በቢሮዎ በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ የሚቆመው ላንድሮቨርስ ደህና ነው? እኛ፣ ከእርስዎ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው ግቢ የመሠረተ ትምህርት መጻሕፍት የምናባዛ ሠራተኞች፣ ከአንዲት ሰው በቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ይህን ሰሌዳ "ሰፊው ሕዝብ ሂሱን በግልጽ ያቅርብ" ብለው ያሰቀሉት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ማንም ቸግሮት እንዳይመለስ እርሳስ እንኳ በሲባጎ አስረውበታል። ከተሰቀለ ጀምሮ ግን ከኳስ ግጥሚያ ፕሮግራም በቀር ምንም ሳይለጠፍበት ስለሰነበተ፣ ልፋትዎ ከንቱ እንዳይቀር በማሰብ እኔ ልጀምር ብያለሁ። ስሜ ነገሪ ሰንበታ ነው። ባለፈው ዓመት በፊዚክስ ተመርቄ እዚህ ተመድቤ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ዕቅድ ይበዛ ነበር፤ ከአቦምሳ እስከ ዝዋይ ያለ ገበሬ ሁሉ በአጥሩ ሥር ተቀምጦ ሲያነብ ይታየኝ ነበር። ዛሬም ይታየኛል፤ ልዩነቱ፣ ምን ሲያነብ እንደሚገኝ እያሰብኩ መፍራት መጀመሬ ብቻ ነው።

ቢሮዎ ቁጥር የሌለውን ጽሑፍ እንደማይመለከት ስለተነገረኝ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፤ ስለ አንባቢዋ። በግቢያችን መጋዘን ውስጥ፣ ከአንድ ከተወረሰ ድርጅት የመጣች አሮጌ ማሽን ሸራ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ሁለት ሩሎዎች በአንድ ዘንግ ላይ አሏት፤ በአንዱ ላይ ዋናው ወረቀት ይጠቀለላል፣ በሌላው ላይ ቀለም በቀዳዳው የሚያሳልፈው የማባዣ ሰም ወረቀት፣ ስቴንስል። አንዲት ትንሽ መብራት ዋናውን ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ትቃኘዋለች፤ ጥቁር ባየች ቁጥር ማዶ ያለችው መርፌ ስቴንስሉን በእሳት ፍንጣሪ ትበሳዋለች። በታይፕ የተጻፈ ቢሆን፣ በእጅ የተሣለ ቢሆን ግድ የላትም፤ ያሳዩዋትን እንዳለ ትገለብጣለች። ማባዣ ክፍላችንን ለረጅም ዘመን የያዙት እትዬ ዘርፉ፣ እጃቸው ከቀለም ልባቸው ከሥራ ያልተለየ ሴት፣ ገና ሥራዋን ሲያዩ "ይቺማ ከሁላችንም በፊት መሠረተ ትምህርት የጨረሰች ናት" ብለው አንባቢዋ የሚል ስም አወጡላት።

ችግሩ፣ አንባቢዋ የበሳችውን ስቴንስል ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣልን አዲሱ ማባዣ አልቀበልም ማለቱ ነበር። የእሷ ስቴንስል ራስጌው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ክብ ሲሆኑ የእሱ መያዣ ጥርሶች አራት ማዕዘን ናቸው። ነገር ግን ስለ አዲሱ ማባዣ ሠሪዎች አንድ ነገር ልመስክር፤ ሙሉ ንድፉን ከክዳኑ ሥር ለጥፈው፣ የፈለገ ሠራተኛ ከፍቶ እንዲያየው፣ እንዲጠግነው፣ ካሻውም እንዲያሻሽለው ፈቅደው ነው የላኩልን። የሚደበቅ ነገር የለውም። እንዲህ ያለ ማሽን ባየሁ ጊዜ ሥርዓታችን ሁሉ እንደሱ የተሠራ መስሎኝ ነበር፤ ወጣትነቴን አይተው ይቅር ይበሉኝ።

ንድፉን ይዤ በአውቶቡስ ተራው መንገድ ራዲዮ ወደሚጠግነው ወደ አብዱናሲር ሄድኩ። ከዘይት ቆርቆሮ ላይ አንድ ወገኑ ለክቡ ቀዳዳ፣ ሌላ ወገኑ ለአራት ማዕዘኑ ጥርስ የሚሆን መያዣ ቆርጠን ስንሞርድ ዋልን። "አቦ ነገሪ" አለኝ እየሳቀ፣ "ይቺ ቆርቆሮ ሁለቱን ካስታረቀች እኔንም ከአገር ሽማግሌዎች ቁጠረኝ!" ታረቁ። አዲሱ አሮጌዋን አወቃት። መጀመሪያ ያተምነው የላም ሥዕል ነበር፤ ቀንዷ፣ ጡቷ፣ ጭራዋ ሳይቀር ወጣ። ቀደም ሲል እትዬ ዘርፉ በብረት ብዕር ስቴንስሉን እየጫሩ የሣሉዋትን ላም የአቦምሳ ተማሪዎች አግዳሚ ወንበር ነው ብለው ተከራክረውባት፣ አንድ አዛውንትም "ላም ከሆነች በየት በኩል ነው የምትታለበው?" ብለው አስተማሪውን አፋጠውት ነበር። አዲሲቱን ላም ሲያዩ ግን ማንም አልተከራከረም። የዚያን ዕለት እትዬ ዘርፉ በቀለም እጃቸው ግንባሬን ሳሙኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ጥቁር አሻራቸውን ይዤ ነው ቤቴ የገባሁት።

2ኛ፤ ስለ ዕውቅናው። ማሽን ከማሽን ጋር ከተዋወቀ በኋላ ከቢሮዎ ጋር መተዋወቅ እንደሚቀረው ያስታወሱን እርስዎ ነዎት፤ እናመሰግናለን። በከተማው ያለ የጽሕፈት መሣሪያ ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ጽፎ የፊደሉን ናሙና ቢሮዎ ማስቀመጥ አለበት፤ አንድ ያልተፈለገ ወረቀት በየመንገዱ ቢበተን እናቱ ማን እንደሆነች ወዲያው እንዲታወቅ። ብልሃቱን ሳላደንቅ አላልፍም። አንባቢዋ ግን የራሷ ፊደል የላትም። እርስዎ በክብር ወደ ክፍላችን መጥተው "ታዲያ የማንን ጽሑፍ ነው የምትጽፈው?" ብለው ሲጠይቁ፣ እትዬ ዘርፉ "ያሳዩዋትን ነው ጌታዬ" ብለው መለሱ፤ እርስዎም "ጓድ በዪ!" ብለው አረሟቸው። መታረሙ ተገቢ ነበር። ብቻ፣ ዕድሜያቸው ከእናትዎ የሚስተካከል መሆኑን በጊዜው ሳላስታውስዎ ቀርቻለሁ።

ከዚያ የሆነውን ይህን የሚያነብ ሁሉ ልብ ብሎ እንዲያነብልኝ እለምናለሁ፤ የጉዳዩ ሥር እዚህ ላይ ነውና። እርስዎ ራስዎ፣ በገዛ እጅዎ፣ ከገዛ ቦርሳዎ ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥተው "እስቲ ይህንን ታንብበው" ብለው ለእትዬ ዘርፉ ሰጡ። ወረቀቱ "የአካባቢው ነዋሪዎች በሙሉ በመጪው እሑድ ጠዋት በገበያው ሜዳ ለስብሰባ እንድትገኙ" የሚል፣ ፊርማዎና ማኅተምዎ ያረፈበት ጥሪ ነበር። አንባቢዋ አነበበችው፤ ማባዣው አባዛው። ማኅተሙ ከነክብ ጽሑፉ፣ ፊርማዎ ከነመጨረሻ ጭረቱ ወጣ። እርስዎ ሳቁ። "ጨምሩ፣ ጨምሩ" አሉ። እንደ ሠርግ ፎቶግራፍ እያነሡ አዩት፤ ከዚያም ዋናውን ቦርሳዎ ውስጥ ከተው ቅጂዎቹን ጠረጴዛው ላይ እንዳሉ ትተው፣ "ዕውቅናውን እናስብበታለን" ብለው ሄዱ። ሲስቁ ያየሁዎት ያኔ ብቻ በመሆኑ፣ ያንን ሳቅ እስካሁን በአደራ ይዤዋለሁ።

እትዬ ዘርፉ ወረቀት አይጥሉም። መጣል የማይወዱ ሰው ከመሆናቸውም በላይ፣ "ወረቀት በሁለቱም ገጽ ይሠራበት፤ ያባከነ በአሻጥር ይጠየቃል" የሚለው የቢሮዎ ማሳሰቢያ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እናም ማሳሰቢያዎን አክብረው በእነዚያ ቅጂዎች ጀርባ ላይ ላሚቱን አተሙባቸው፤ መጽሐፉም ተጠርዞ ወደ አቦምሳ ተጫነ።

እዚህ ላይ፣ ጓድ፣ እንኳን ደስ አለዎት ልበል። ዘመቻችን ፍሬ አፍርቷል። የአቦምሳ ገበሬዎች ላሚቱን አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባውንም አነበቡት። ማንበብ የማያውቁ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ማኅተም አዩ፣ ፊርማ አዩ፣ መጪው እሑድ የሚል አዩ፤ ማኅተም ባለበት ወረቀት ተጠርቶ መቅረት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ከፊደል በፊት የተማሩት ትምህርት ነው። እሑድ ጠዋት ነጠላቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው የገበያውን ሜዳ ሞሉት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሰብሳቢው ከበላይ ይመጣል ብሎ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። ፀሐይ እስኪበረታ ጠብቀው፣ አንዱ ተነሥቶ "እንግዲህ ስብሰባ ማለት መጥቶ መቀመጥ አይደል? ተቀመጥን" ሲል፣ ለማን እንደሆነ ባይታወቅም እንደለመዱት አጨብጭበው ወደየቤታቸው ገቡ። በሳምንቱም፣ ወረቀቱ አሁንም "በመጪው እሑድ" ስለሚል፣ ተመልሰው መጡ፤ የሰሙ የጎረቤት ቀበሌ ገበሬዎችም ተጨመሩ።

ሰው ያልጠራው ሕዝብ ሜዳ ሞልቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የበላይ አካልን ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ መገመት ለእኔ ለባለ ፊዚክሱ እንኳ አይከብድም። "ማን ጠራችሁ?" ተብለው ሲጠየቁ ሁሉም የላሚቱን ገጽ ገልብጠው የእርስዎን ፊርማ አሳዩ አሉ። ያን ሰሞን እርስዎም ወደ ላይ ተጠርተው እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ሲመለሱ ፊትዎ ላይ ደም አልነበረም። ለእርስዎም አዝኜ ነበር፤ ይህን በምፀት አላልኩትም። ብቻ፣ የተጠየቁት ጥያቄ አንድ መልስ ያስፈልገው ነበር፤ "እኔ ራሴ ነኝ የሰጠሁት" ማለት ወይም "ማኅተሜን አስመስለውብኝ ነው" ማለት። የትኛውን እንደመረጡ ያወቅነው በማግስቱ ላንድሮቨሩ ግቢያችን ሲገባ ነው።

3ኛ፤ ስለ እትዬ ዘርፉ። "ለአጭር ጥያቄ ነው፣ ሽርጥሽን አታውልቂ" ተብለው ከነቀለም ሽርጣቸው ሄዱ። ለአሳቢነትዎ ምስጋናችን የላቀ ነው፤ ለአጭር ጥያቄ ልብስ መቀየር ያደክማልና። ልጃቸው መሰለች ከዚያ ቀን ጀምሮ ላንድሮቨሩ ወደወሰዳቸው ግቢ፣ ወደ ዘቡ በር ትመላለሳለች። ዘቡ በትሕትና "እንዲህ የምትባል ሴት እኛ ዘንድ አልተመዘገበችም፤ የለችም" ይላታል። ቀጥሎም እጁን ዘርግቶ "ምሳዋን አምጪ" ይላታል። የለችም፤ ምሳዋን አምጪ! ጓድ አብተው፣ እኔ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ የሌለ ነገር ምሳ እንደሚበላ የሚያስረዳ ቀመር አልተማርኩም፤ ቢሮዎ ያንን ስለደረሰበት ለሳይንስ ያበረከተውን አስተዋጽኦ ሳልመሰክር ብቀር ውለታ ቢስ ያሰኘኛል።

ምሳ ዕቃው በየቀኑ ባዶውን ይመለስ ነበር፤ ደግሞም ታጥቦ። እትዬ ዘርፉን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሰው ዕቃ ሳያጥቡ አይመልሱም፣ "ያልታጠበ ዕቃ መመለስ ስድብ ነው" ይላሉ። ያሉበት ቦታ ውኃ እንደልብ እንደማይገኝ እገምታለሁ፤ ከመጠጫቸው ቀንሰው ሳይሆን አይቀርም ያጠቡት። መሰለችም የታጠበውን ምሳ ዕቃ ከፍታ እያሸተተች "እማዬ ደህና ናት" ትል ነበር። ደብዳቤ ነበር ያ ለእሷ፤ ቢሮዎ ናሙናውን ሊወስድበት ያልቻለ ደብዳቤ።

ሐሙስ ዕለት ምሳ ዕቃው ባዶውን መጣ። ሳይታጠብ።

ወጡ ዳር ዳሩ ላይ ደርቆ፣ የጣት ምልክት ቀርቶበት ነበር። ዓርብም እንደዚያው። መሰለች በራችን ላይ ቁጭ ብላ በአሸዋ ስትፈትገው ዋለች፣ ከነጣ በኋላም መፈተጉን አልተወችም። እኔ ለማንኛውም፣ ማንም ይሁን ምሳውን ለበሉት ጓድ "ደግ ተበላ" እንዲባልልኝ አሳስባለሁ፤ በርበሬው በዝቶባቸው ከሆነም ይቅርታ።

4ኛ፤ አንባቢዋ ያለችበት ክፍል በሰም ታትሟል። የሌለች፣ ያልተመዘገበች፣ ዕውቅና ያላገኘች ማሽን ስለምን በሰም እንደምትታተም መጠየቁን ትቼዋለሁ፤ ለመታሰር መመዝገብ እንደማያስፈልግ ከ3ኛው ተምሬያለሁና።

ቀሪዎቹን ቁጥሮች ባዶ ትቻቸዋለሁ፤ ቢሮዎ እንደሚሞላቸው አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ አብዱናሲር በሱቁ በር ሳልፍ "እንደምን ዋሉ ጌታው፣ ራዲዮ ነው የሚጠገነው?" ይለኛል፤ አልፈርድበትም፣ ልጆች አሉት፤ ያንን መያዣም ከቆርቆሮ የቆረጥኩት እኔ ብቻዬን ነበርኩ ማለት ካስፈለገ እላለሁ። ቤት ያከራዩኝ እመቤት ሻንጣዬን ጠርገው በር አጠገብ አስቀምጠውልኛል፤ "ድንገት መንገድ ቢኖርብህ ብዬ ነው ልጄ" አሉኝ። ከግቢያችን ማዶ ባለው ዛፍ ሥር ደግሞ አንድ ሰው አንድን ጋዜጣ ሳምንቱን ሙሉ ገጹን ሳይገልጥ ያነባል። የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ከሆነ ልረዳው ዝግጁ ነኝ።

እንግዲህ የምለምነው ትንሽ ነው። ያንን ወረቀት ከቦርሳዎ አውጥተው የሰጡት እርስዎ መሆንዎን፣ "ጨምሩ" ያሉትም እርስዎ መሆንዎን፣ በጀርባው እንድንሠራበት ያዘዘንም ቢሮዎ መሆኑን የምናውቅ ከእርስዎ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበርን። አንዷ የሉም ተብለዋል። ስለዚህ እኔ ገና እያለሁ ይህን በሕዝብ ፊት ማስፈር ግዴታዬ ሆነ፤ ከአሁን ወዲያ የሚያውቀው ሁለት ሰው ሳይሆን ይህን ሰሌዳ ያነበበ ከተማ ነው። እትዬ ዘርፉን መዝግቡልን። በማንኛውም መዝገብ፣ በማንኛውም ቀለም ይሁን፤ ብቻ "አለች" በሉን። ከተመዘገቡ በኋላ ደግሞ ሽርጣቸውን እንደለበሱ ይመለሱ፤ ላሚቱ እየጠበቀቻቸው ናት።

ይህን የምታነቡ የከተማችን ሰዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ እርሳሱ በሲባጎው ላይ ተንጠልጥሏል። ሌላ አልለምናችሁም፤ እትዬ ዘርፉን በዓይናችሁ አይታችሁ የምታውቁ፣ ልጃችሁ ያነበበውን መጽሐፍ ያባዙት እሳቸው መሆናቸውን የምታውቁ፣ ከዚህ ወረቀት ግርጌ "አውቃታለሁ" የምትል አንዲት ቃል ጻፉ። ስም ማስፈር ለፈራ ምልክት ይበቃል። ቦታ ትቼላችኋለሁ።

መልስዎን በአክብሮት የምጠብቅ፣ ሳቅዎን በአደራ የያዝኩልዎ፣ የማኅተምዎ ክበብ ከነቀለሙ በዓይነ ሕሊናዬ የታተመብኝ ታዛዥዎ፣

ነገሪ ሰንበታ
የማባዣ ክፍል ሠራተኛ (እስካሁን የተመዘገበ)

ማስታወሻ፤ ቢሮዎ ናሙና እንደሚወድ ስለማውቅ ይህን ሁሉ በታይፕ ሳይሆን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን ፍለጋ ሌላ ሰው መጥራት አያስፈልግዎትም። መሰለችንም አነጋግሬያታለሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ዘቡ በር የምትመጣው ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛ ነው። የእኔ ክዳኑ የተጨረመተው ነው። እኔም ከእትዬ ዘርፉ ተምሬያለሁ፤ ሳላጥብ አልመልስም። ሳይታጠብ የተመለሰ ቀን፣ ምን ማለት እንደሆነ ይህን ሰሌዳ ያነበበ ሁሉ ያውቃል።